የወደቀ ሞተር፦ ልወልውለው፣ ልቀባው ወይስ ልተወው?

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው። አንድ ወንድማችን ሐዋሳ ላይ ዝናብ በመታው አስፋልት ተንሸራቶ፣ 150 ሲሲ የህንድ ሞተሩ በቀኝ ጎኑ ወደቀ። እሱ ክርኑ ከመላጡ በቀር ደህና ነው፣ ተመስገን። ሞተሩ ላይ የፍሪሲዮን ካቨሩ ክፉኛ ተፍቋል። የማርሚታው ክሮም ተጫጭሯል፣ የፊት ፍሬን ማንሻው ጫፍ ተበልቷል፣ ታንኩ ላይ የጣት ርዝመት ያለው ጭረት አለ። «የፊት ሾኩ ላይም ትንሽ ነገር አለች» ይላል። ልወልውለው ወይስ ላስቀባው? ፓውደር ኮት (ምድጃ ውስጥ የሚቀልጥ ዱቄት ቀለም) ያዋጣል? ደግሞ ልሸጠው ስለምችል፣ ገዢ እንዳያውቅ አድርጎ መሥራት ይቻላል?

ወንድሜ፣ ላሜራና ቀለም ላይ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፣ ከመኪናው ይልቅ ሞተሩ ይበዛል። ከነገርከኝ ሁሉ በጣም ያሳሰበችኝ ያቺ «ትንሽ ነገር» ናት። እሷን ወደ መጨረሻ እመጣባታለሁ። መጀመሪያ ካቨሩ።

ብርጭቆ ወረቀት ከማንሳትህ በፊት ካቨሩ አለመሰንጠቁን እወቅ። ዘይት እያንጠባጠበ ካልሆነ ስንጥቅ የለውም ብለህ እንዳትሸወድ፣ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ቀዝቃዛ ሞተር ላይ አትታይም። ዘይቱን አውጣና ካቨሩን ፍታው። በእቃ ማጠቢያ ሳሙና እጠበው፣ አድርቀው። ከዛ የተፋቀውን ቦታ ላምባ ቀባውና ሩብ ሰዓት ተወው። ላዩን በደረቅ ጨርቅ ጥርግ አድርግና የተፈጨ ጠመኔ ነስንስበት፣ የትምህርት ቤቱን ነጭ ጠመኔ ማለቴ ነው። ስንጥቅ ካለ ውስጥ የገባው ላምባ እየወጣ ጠመኔውን ያረጥበዋል፣ ነጩ ላይ ጠቆር ያለ ቀጭን መስመር ይታይሃል። እኔ ይችን ነገር ሳደርግ ደንበኛ ሁልጊዜ ይስቃል፣ መስመሩ ሲወጣ ግን ዝም ይላል። መስመር ካየህ የውልወላ ጨዋታው አበቃ። አልሙኒየም በአርጎን የሚበይድ ባለሙያ ጋ ውሰደው ወይም ሌላ ካቨር ፈልግ።

ስንጥቅ ከሌለ ቀጥሎ ማግኔት አምጣ። ካቨሩ ላይ አይያዝም፣ አልሙኒየም ነው። ማርሚታውና ታንኩ ላይ ይይዛል፣ ብረት ናቸው። ይሄ ቀላል ይመስላል ግን የምትገዛው ነገር ሁሉ ከዚህ ነው የሚወሰነው። ለብረት የሚሆን ቀይ አንቲረስት፣ የዝገት መከላከያው ቀለም፣ አልሙኒየም ላይ ብትቀባ ጥቂት ወር ቆይቶ እንደ ድንች ልጣጭ ይነሳል። ለአልሙኒየም የሚሆነው ኤፖክሲ ፕራይመር (ከዋናው ቀለም ስር የሚቀባው) ነው፣ ወይም ኤች ፕራይመር የሚሉት ብረቱን ትንሽ በላ አድርጎ የሚይዘው።

አሁን ጥፍርህን ጭረቱ ላይ አሻግረህ ጎትት። ካልያዘህ በወረቀትና በፖሊሽ ይጠፋል። ያዝ ካደረገህ ሥራ አለው ግን ይቻላል። ጥፍርህ ቦይ ውስጥ እንደገባ ከቆመ ደግሞ እዚህ ጋ ነው ምርጫው የሚለየው፦ ቦዩን ልታጠፋ ብለህ ዙሪያውን ሁሉ ከሞረድክ ካቨሩን ታሳሳዋለህ። ካቨር ጥቂት ሚሊ ሜትር ውፍረት ብቻ ነው ያለው፣ ከውስጥ ደግሞ ትኩስ ዘይት ይመታዋል። ስለዚህ ጥልቅ ቦይ ይሞላል እንጂ አይሞረድም። የተሞላ ቦታ ደግሞ አይወለወልም፣ ምክንያቱም መሙያው እንደ አልሙኒየም አያበራም። በቃ፣ ጥልቅ ቦይ ያለበት ካቨር የግድ ይቀባል። አስፋልት ላይ የተንሸራተተ ካቨር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሁለት እንዲህ ያለ ቦይ አያጣም።

ለመሙያ የላሜራ ቤት ስቱኮ አትጠቀም። የመኪና በር ላይ ጥሩ ነው፣ የሚሞቅና የሚቀዘቅዝ ሞተር ላይ ግን ይሰነጠቃል። ባለ ሁለት ቱቦውን የብረት ኤፖክሲ ግዛ፣ ስንት ዲግሪ እንደሚችል ቱቦው ላይ ተጽፏል፣ ከ150 በታች ከሆነ ተወው።

እሺ፣ ጭረቱ ቀላል ሆኖ መወልወል ፈለግህ እንበል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ የሚሳሳተው ፖሊሹን ገዝቶ በቀጥታ መፈግፈግ ይጀምራል። ከፋብሪካ ሲወጣ አብዛኛው የአልሙኒየም ካቨር ላዩ ላይ ክሊር (ከስሩ ያለውን የሚያሳይ መከላከያ ቀለም) ወይም ሲልቨር ቀለም አለው። አንተ ሁለት ሰዓት ብትፈገፍግ የምትወለውለው ክሊሩን ነው። እሱ በቀለም ማስለቀቂያ መነሳት አለበት። ጓንት አድርግ፣ ክፍት ቦታ ላይ ሥራ፣ ዓይንህን ጠብቅ።

እዚህ ላይ የራሴን ጉድ ልንገርህ። ሥራ ስጀምር ማስለቀቂያ ለመግዛት ሰስቼ የሰው ካቨር ኮስቲክ ሶዳ ውሃ ውስጥ ነከርኩ። ቀለሙ ይለቅና አወጣዋለሁ ብዬ ቡና ልጠጣ ሄድኩ። ስመለስ ባልዲው እንደ ወጥ ይንተከተካል፣ ካቨሩ ከሰል መስሏል፣ የጋስኬቱ (በካቨሩና በሞተሩ መሀል የሚገባው ስስ ማሸጊያ) መቀመጫ ተበልቶ ተቦርቡሯል። ኮስቲክ ሶዳ ብረትን አይነካም፣ አልሙኒየምን ግን ይበላል፣ የሚወጣው አረፋም ሃይድሮጅን ነው፣ እሳት ቢያገኝ ይቀጣጠላል። ካቨሩን ከኪሴ ገዝቼ ተካሁ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው እኔን ነው።

ክሊሩ ከተነሳ በኋላ ወረቀቱ በተራ ነው የሚሄደው። ለአስፋልት ጭረት 240 ወይም 320 ቁጥር ላይ ጀምር፣ ከዛ 400፣ 600፣ 800፣ 1000፣ 1500፣ 2000። ሁሉም በውሃ፣ ውሃው ውስጥ ጠብታ ሳሙና ጣል አድርግበት። ዋናው ብልሃት አቅጣጫው ላይ ነው። በ320 ከግራ ወደ ቀኝ ከፋቅህ በ400 ከላይ ወደ ታች ፋቅ። የ320ው አግድም መስመሮች በሙሉ እስኪጠፉ ድረስ 400ውን አትልቀቅ። ሲጠፉ ወደ 600 ትሄዳለህ፣ እንደገና አቅጣጫ ትቀይራለህ። አንድ ቁጥር ብትዘል ያኔ አይታይህም፣ መጨረሻ ላይ ካቨሩ እንደ መስታወት አብርቶ ፀሐይ ላይ ስታወጣው ነው ከስር የድመት ጭረት የሚመስል ነገር ብቅ የሚለው። ተመልሰህ ከ400 ትጀምራለህ። ቁጥር በቀየርክ ቁጥር ካቨሩንም እጅህንም እጠብ፣ ውሃውንም ቀይር፣ ምክንያቱም ከቀድሞው ወረቀት የቀረች አንዲት ቅንጣት ሥራህን ታበላሻለች።

ከ2000 በኋላ የብረት ፖሊሽ በጥጥ ጨርቅ። ጨርቁ ወዲያው ጥቁር ይሆናል። ቆሻሻ አይደለም፣ ራሱ አልሙኒየሙ ነው። ድሪል ላይ የሚገጠም የጨርቅ መወልወያ ካለህ ክንድህን ታሳርፋለህ። ደረቅ የአልሙኒየም ብናኝ ግን ብረት በግራይንደር ከምትቆርጥበት ቦታ ይራቅ፣ ብናኙ ይቀጣጠላል። አፍንጫህንም ሸፍን። የብረት ሽቦ ብሩሽም አልሙኒየም ላይ አትጠቀም፣ የሽቦው ቅንጣት ተሰክቶ ይቀርና ዝገት ያበቅልልሃል።

አሁን እውነቱን ልንገርህ። የተወለወለ ባዶ አልሙኒየም እንደ ነጭ ነጠላ ነው፣ ያምራል፣ ጣጣው ግን አያልቅም። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ውጭ የሚያድር ሞተር ከሆነ በጥቂት ሳምንት ይደበዝዛል፣ ነጭ ነጠብጣብ ያወጣል፣ አንተም እንደገና ፖሊሽ ይዘህ ትቀመጣለህ። ክሊር ብቀባበትስ? ትላለህ። እንደ መስታወት የለሰለሰ ነገር ላይ ክሊር የሚይዘው ነገር የለውም፣ ድንጋይ በነካው ቦታ ሁሉ እየተላጠ ይሄዳል። ለእሁድ መንሸራሸሪያ ከሆነ ወልውለው። ለሥራ የምትነዳው ከሆነ እኔ እቀባዋለሁ።

አቀባቡ ደግሞ ይሄን ያህል አይከብድም። በ320 ወይም 400 በደንብ አሻክረው፣ በሳሙና እጠበው፣ ካደረቅከው በኋላ በቲነር ጥረገው፣ ከዚያ ወዲያ በባዶ እጅህ አትንካው። የጣት ቅባት የነካው ቦታ ላይ ቀለም ዓሣ ዓይን የሚሉትን ትንንሽ ክብ ጉድጓድ ይሠራል። የጋስኬቱን ፊትና የብሎን ቀዳዳዎቹን በቀለም ፕላስተር ሸፍን። ፕራይመሩን በዛው ቀን ምታው፣ አልሙኒየም አየር ሲያገኝ ወዲያው ኦክሳይድ ስለሚለብስ ማሳደር ጥሩ አይደለም። ከዛ ለሞተር የሚሆን ሙቀት የሚችል ቀለም፣ ስስ ስስ አድርገህ ሦስት ዙር፣ በየመሀሉ 10 ደቂቃ ያህል እየጠበቅህ። አንዴ በወፍራሙ ልጨርሰው ያለ ሰው ቀለሙ ሲንጠባጠብ ያያል። ዝናብ ባለበት ወይም ጭጋግ ባለበት ጠዋት አትቀባ፣ ቀለሙ ወተት የነካው ይመስላል። ስፕሬዩ ከቀዘቀዘ ቆርቆሮውን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አቆየው፣ ለብ ያለ ነው ያልኩት፣ እሳት አጠገብ አይደለም። ደግሞ ላድርቀው ብለህ የእናትህ ምድጃ ውስጥ እንዳታስገባው። ሞተሩ ራሱ እያሞቀ ያደርቀዋል።

ስትገጥመው አዲስ ጋስኬት አድርግ። ብሎኖቹን በዙሪያ ሳይሆን በመስቀል፣ ትንሽ በትንሽ አጥብቅ። 6 ሚሊ ሜትር ብሎን 10 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው የሚፈልገው፣ ማለትም በአጭር ቁልፍ በእጅ ጉልበት ጠበቅ ማድረግ። ረጅም ቁልፍ ይዞ የሚንጠለጠልበት ሰው የብሎኑን ጥርስ ይበላዋል።

ፓውደር ኮት ያዋጣል ወይ ላልከው፦ ሥራው በጣም ጥሩ ነው። ዱቄት ቀለሙ በኤሌክትሪክ ኃይል ብረቱ ላይ ይጣበቅና 180 እስከ 200 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ ይቀልጣል። የአልሙኒየም በርና መስኮት ከሚሠሩት መሀል ምድጃው ያላቸው አሉ። ድንጋይ ይችላል፣ ቤንዚንም አያስለቅቀውም። ግን ለአንድ ካቨር ምድጃ አያስነሱልህም፣ ቢያስነሱም ዋጋው አይመጣልህም። ሻንሲውን፣ መቆሚያውን፣ ቸርኬውን አንድ ላይ ስታሠራ ነው ትርጉም ያለው። ያኔም ኩሽኔታው፣ የዘይት ሲሉ (ዘይት እንዳይወጣ የሚይዘው የጎማ ቀለበት)፣ ጎማ የሆነ ነገር ሁሉ ቀድሞ መውጣት አለበት። የብሎን ጥርስና ብረት ከብረት የሚገናኝበት ፊት ይሸፈን፣ ምክንያቱም ቀለሙ ወፍራም ነው፣ ስር ሆኖ ሲረግብ ብሎኑም ይላላል። ቦዩን በኤፖክሲ ሞልተህ ከሆነ ደግሞ ለሠራተኛው ንገረው፣ ተራ ኤፖክሲ 200 ዲግሪ አይችልም።

ክሮሙ። እዚህ ጋ ተስፋ አልሰጥህም። ማርሚታህ ላይ የሚያበራው ክሮም ከ1 ማይክሮን በታች ነው፣ የራስ ፀጉርህ 70 ማይክሮን ገደማ ነው፣ አስበው። ከስሩ ያለው ኒኬል ነው ውፍረት ያለው። ስለዚህ ክሮም ላይ ያለን ጭረት በወረቀት አጠፋለሁ ብሎ ነገር የለም፣ ክሮሙን ራሱን ነው የምታነሳው። የምትችለው ዝገቱን ማንሳት ነው፦ የአልሙኒየም ፎይል ጨምድደህ ውሃ ነክረህ ፈግፍገው። ፎይሉ ከክሮም ስለሚለሰልስ አይጭረውም፣ ዝገቱን ግን ይዞት ይሄዳል። ከዛ ጠርገህ ዋክስ ቀባው። እንደ አዲስ ክሮም ማስነከር የፋብሪካ ሥራ ነው፣ ገንዳው ውስጥ ያለው ክሮሚክ አሲድ ካንሰር ያመጣል፣ ቤት ውስጥ የሚያሳዩህን ቪዲዮ አትመን። «ክሮም» የሚል ስፕሬይም አለ፣ ውጤቱ ግራጫ ሲልቨር ነው፣ በጣት ይለቃል።

ጭረቱ አስቀያሚ ከሆነ እኔ ብሆን የማርሚታውን መከለያ ፈትቼ፣ አሻክሬ፣ 600 ዲግሪ የሚችል ጥቁር ማት (የማያብረቀርቅ) ቀለም እቀባዋለሁ። ከስሩ ተራ ፕራይመር አይደረግም፣ ይቃጠላል። ይሄ ቀለም በአየር ብቻ አይጠነክርም፣ እሳት ይፈልጋል። ገጥመህ ሞተሩን 10 ደቂቃ አስነሳና አጥፋ፣ ይቀዝቅዝ፣ ከዛ 20 ደቂቃ፣ እንደገና ይቀዝቅዝ፣ ከዛ አንድ ዙር ንዳው። ሲጨስ አትደንግጥ፣ ግን ግቢ ላይ አድርገው፣ በር ተዘግቶ አይሆንም።

ታንኩን ባለ ኮምፕሬሰር ቀለም ቀቢ ጋ ውሰድ። ጭረቱ ክሊሩ ላይ ብቻ ከሆነ በ2000 ወረቀትና በኮምፓውንድ (የቀለም መወልወያ ቅባት) ራስህ ታወጣዋለህ። ላሜራው ከታየ ግን የሱቅ ስፕሬይ ቤንዚን አንዴ ሲነካው እንደ ማስቲካ ይለሰልሳል፣ ሃርድነር (ማጠንከሪያ) ያለው ክሊር ያስፈልጋል። የሃርድነር ጭስ ሳንባ ይጎዳል፣ የኮቪድ ማስክ አያድንህም፣ ለዚህ ነው ለባለሙያው ተወው የምልህ። ታንኩ ስር ብየዳ ካስፈለገ ደግሞ «ባዶ ነው» ብሎ ለማንም አይሰጥም። ባዶ ታንክ ውስጥ ያለው ትነት ከሙሉ ታንክ የባሰ ይፈነዳል።

ፍሬን ማንሻው ጫፉ ብቻ ሸካራ ከሆነ በሞረድ አለስልሰው። ያቺ ክብ ኳስ ጫፉ ላይ ከተሰበረች ግን ቀይረው። ኳሷ የተሠራችው አንተ ስትወድቅ ማንሻው እንዳይወጋህ ነው። ተጣሞ ከሆነ አታቅናው፣ የተቃና አልሙኒየም የሚሰበረው አንድ ቀን በሙሉ ጉልበትህ ስትይዘው ነው።

አሁን ወደ «ትንሽ ነገር» እንምጣ። የሾኩ ዘንግ ላይ ያለው ክሮም ለውበት አይደለም። ዘይት ሲሉ በእሱ ላይ ነው ቀን ሙሉ ሲወጣ ሲወርድ የሚውለው። መጀመሪያ አሮጌ የናይሎን ካልሲ ዘንጉ ላይ አሻሽ። ከያዘ ጫፉ የተነሳ ብረት አለ ማለት ነው፣ ያ ጫፍ ሲሉን እንደ ምላጭ ይቆርጠዋል። ቀጥሎ ጭረቱ ሲሉ የሚደርስበት ቦታ ላይ መሆኑን እወቅ። ቀጭን የፕላስቲክ ማሰሪያ ዘንጉ ላይ ከሲሉ ጋ አስጠግተህ እሰር፣ ሞተሩ ላይ ተቀምጠህ ፍሬን ይዘህ ደጋግመህ ጫነው፣ ከዛ አንድ ቀን ጉድጓድ ባለበት መንገድ ቀስ ብለህ ንዳው። ሲሉ ማሰሪያውን የገፋበት ቦታ የጉዞው ጫፍ ነው። ጭረቱ ከዛ ውጭ ከሆነ አያስጨንቅም፣ እንዳይዝግ ብቻ ጠብቀው። ውስጥ ከሆነና ጥልቀት ከሌለው፣ በ1500 ወረቀትና በዘይት የተነሳውን ጫፍ ብቻ፣ ቦታዋን ብቻ፣ ዘንጉን በዙሪያው እያሻሸህ አውርደው፣ በ2000 ጨርስ። ካልሲው መያዙን ሲተው አቁም። ጥልቅ ከሆነ ዘንጉ ይቀየር። ቀለም መቀባት የሚባል ነገር የለም። ሲሉ ሲቆረጥ የሾኩ ዘይት ወርዶ ፍሬኑ ላይ ነው የሚያርፈው፣ እሱን ደግሞ የምታውቀው ፍሬን በፈለግህባት ሰዓት ነው። ዘንጉ ተጣሞ እንደሆነም አረጋግጥ፣ አውጥተህ መስታወት ላይ አንከባለው፣ ሲዞር ከስሩ ብርሃን እየመጣ እየጠፋ ካየህ ተጣሟል።

ገዢ እንዳያውቅ ስለምትለው። ካቨር ብትወለውል፣ ማርሚታ ብትቀባ ማንም አይከስህም፣ የራስህ ንብረት ነው። ግን አውቆ የሚገዛ ሰው ካቨር አያይም። እኔ ሞተር ልገዛ ስሄድ የእጀታውን ጫፍና የእግር መርገጫውን ጫፍ ነው የምዳስሰው። ከዛ መሪውን ወደ ቀኝ ጥግ አዙሬ ሻንሲው አንገት ላይ ያለችውን የመሪ ማቆሚያ አያለሁ። ክፉኛ የወደቀ ሞተር እዚያ ጋ ቀለሟ ተሰንጥቆ ወይም ብረቷ ገባ ብሎ ይገኛል፣ ማንም ደግሞ እሷን ለመቀባት አያስታውስም። አንተም ዛሬውኑ የእጅ ባትሪ ይዘህ እያት። ከተነካች ካቨሩን ለጊዜው ተወውና ሻንሲውን ለሚያቃና ሰው አሳየው። ካልተነካች ደግሞ ለገዢው «በቀኝ ወድቋል፣ ሾኩን ይሄን አድርጌለታለሁ፣ የተቀየረው ይሄ ነው» በለው፣ የዘይት ሲሉን ቀይረህ ከሆነ አሮጌውንም አሳየው።